ከኮሜርስ በታች የነበረው ቤት

አመለወርቅ የልጅ ልጇን የምታጥብበትን ለብ ያለ ውኃ ይዛ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ስትጠጋ፣ ልጇ ሀና በሩን ዘግታ ስልክ ስታወራ ሰማቻት። «ልጁንማ የምትይዝልኝ ሴት አለች» ትላለች ሀና። «ከክፍለ ሀገር የመጣች ናት። ኧረ በጣም ታማኝ ናት፣ አንድ ቀን እንኳ ዕቃ ጠፍቶብኝ አያውቅም።» ከዚያ ሳቀች። «እሺ፣ ቅዳሜ ስትመጡ ታዩዋታላችሁ። በይ ቻው፣ እኔ እኮ ገና ከጀሞ ተነሥቼ ሰንጋ ተራ መድረስ አለብኝ። የኛን ሕንፃ ፊት ለፊት ደግሞ እንደገና ቆፍረውታል።»

አመለወርቅ ሳፋውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የውኃው ሙቀት ፊቷን ይነካታል። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደመታት ብትጠየቅ ራሷም አታውቀውም። «ሴት» መባሏ ነው ወይስ «ሰንጋ ተራ» የሚለው? ሀና የት እንደምትሠራ በተጠየቀች ቁጥር «ሜክሲኮ አካባቢ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት» ነበር የምትለው፤ ሰንጋ ተራ የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ለሀና ምኗም አይደለም፤ አንድ የታክሲ መውረጃ ነው።

ሀና በሩን ከፍታ ስትወጣ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሰምታ እንደሆነ ለማወቅ የእናቷን ፊት አየች። አመለወርቅ ወደ ሳፋው አጎነበሰች። «ውኃው እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ነው» አለች። ሀና ሄዳ ሸሚዟን ለበሰች፣ የባንኩን ባጅ አንገቷ ላይ አጠለቀች፣ ሻይዋን ቆማ ጠጣች። ሌላ ቀን ቢሆን ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ለሥራ መስክ ስለወጣው ባሏ አንድ ሁለት ነገር ይባባሉ ነበር። ዛሬ የማንኪያው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። በር ላይ ደርሳ፣ «እማዬ፣ ወተቱን አሙቀሽ ስጪው እንጂ ከፍሪጅ አውጥተሽ እንዳትሰጪው» አለች። ይኼን ከሰጠችው ትእዛዝ ሁሉ በላይ ደጋግማዋለች። አመለወርቅም እንደ ወትሮው «እሺ» አለች።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። አመለወርቅ የምትተኛው ሳሎን ውስጥ፣ ማታ ተዘርግቶ ጠዋት ከሶፋው ጀርባ በሚገባ ፍራሽ ላይ ነው። የመጣችው ሀና ስትወልድ ለማረስ ነበር። ክርስትናው ሲያልፍ ልትመለስ ሻንጣዋን ሸክፋ ሳለ መንገዱ ተዘጋ አሉ፤ ከዚያ ተከፈተ ሲባል የሀና የወሊድ ፈቃድ አለቀ፤ ከዚያ ደላላው የሚያመጣት ሠራተኛ ሁሉ የምትጠይቀው ደሞዝ ሀናን አስደነገጣት። «እስኪ ትንሽ ቆይልኝ እማዬ» እያለች ከወር ወር ወሰደቻት። አሁን ኅዳር ገብቷል። አገሯ ጋይንት፣ አርብ ገበያ፣ ገብሱ ታጭዶ ክምር ላይ መሆን አለበት። ታናሹ ልጇ ንጋቱ ብቻውን ምን እንደሚያደርገው እያሰበች ትደውላለች፣ ስልኩ አይሠራም። ጎረቤት ያሉት ሴቶች ደረጃ ላይ ሲያገኟት ሰላም ብለዋት ያልፋሉ። የእንጨት ጭስ የማይወጣበት፣ ጠዋት ከብት የማይጮኽበት አገር ነው። ልጁ ግን ሲያያት ይስቃል፤ እናቱ ሌላ ስም ብታወጣለትም እሷ ቸሬ ትለዋለች፣ እሱም ቸሬ ሲባል ነው ዞር የሚለው።

ቸሬን አጥባ አለበሰችው። ከአገሯ ይዛው የመጣችውን፣ ሀና «ይኼን ነገር ሰው ሳያይ አስቀምጪው» ያለቻትን አንቀልባ አወጣች። ወተቱን በጡጦ ሞላች። ነጭ ነጠላዋን አጣፋች፣ በሩን ቆለፈች። የት ልትሄድ እንደሆነ ለራሷም አልተናገረችውም፤ እግሯ ግን ታክሲ ተራው ሄዶ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ከሚለው ረዳት ፊት ቆመ።

ሰንጋ ተራን የምታውቀው ልጅ ሳለች ነው። አባቷ ለማታውቀው ሰው ሊድሯት ሲሉ ከአርብ ገበያ ጠፍታ፣ እህል በጫነ መኪና ላይ ተሳፍራ አዲስ አበባ ስትገባ፣ ሥራ ያገኘችው እትዬ የኔነሽ ከሚባሉ ሴት ዘንድ ነበር። ከንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱ፣ ሰው ሁሉ ኮሜርስ ከሚለው ግቢ በታች፣ ጭቃ ቤት ውስጥ ምሳ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ቦታው ሰንጋ ተራ የተባለው ድሮ ለከተማው የሚታረደው ሰንጋ የሚቆምበት ስለነበር ነው ይላሉ የሰፈሩ ሰዎች። በሷ ጊዜ ሰንጋው የለም፤ የቀሩት ስሙና ሥጋ ቤቶቹ ናቸው። ከዋናው መንገድ ገባ ሲሉ ጠጅ ቤት፣ አልጋ ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ከነሱ ጀርባ ደግሞ ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶች፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ እዚህ ቤት «ይማርህ» የሚባልበት ሰፈር ነበር። ባንክ የሚባለው ነገር ያኔ ወደ ብሔራዊ ቲያትር በኩል ነው ያለው። በምሳ ሰዓት የባንኩ ጸሐፊዎች ከረባታቸውን ወጥ እንዳይነካው ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ጭቃውን በዘዴ እየዘለሉ የእትዬ የኔነሽን ሽሮ ፍለጋ ይመጡ ነበር።

ቀለመ ወርቅ የሚባለው ወጣት ግን ጸሐፊዎቹ በልተው ሲወጡ ነበር የሚመጣው። እዚያው ሰፈር ማተሚያ ቤት ይሠራል፤ ጣቶቹ ሁልጊዜ በቀለም ጥቁር ናቸው። ወሎዬ ነኝ ይላል። የጋይንት አነጋገሯን እየቀዳ ያስቃት ነበር፤ አንድ ቀን ግን ሳያስቃት ዝም ብሎ በላ፣ በማግሥቱም እንዲሁ፣ በሦስተኛው ቀን «ከኔ ጋር ትኖሪያለሽ?» አላት። እትዬ የኔነሽ ጓሮ ያለችውን ጠባብ ክፍል ለቀቁላቸው። ሀና በሆዷ ሳለች አንድ ጠዋት ወደ ሥራ እንደወጣ አፈሳ ያዘው። ጦሩ ሰው የሚፈልግበት ጊዜ ነበር። መኪና ላይ ሲጭኑት ያየ ጓደኛው መጥቶ ነገራት፤ ከዚያ በኋላ ወሬውን የሰማ የለም። ሀና እዚያችው ጓሮ ተወለደች፣ እዚያው ዳዴ አለች፣ እዚያው ቆመች። ደርግ ወድቆ የተበተነው ወታደር ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በሜክሲኮ መንገድ ሲያልፍ፣ አመለወርቅ ልጇን አዝላ እያንዳንዱን ፊት እያየች ስንት ቀን ቆመች። ሲያቅታት፣ «ቢመጣ አርብ ገበያ ናት በሉት» ብላ ወደ አገሯ ተመለሰች።

አርብ ገበያ ያገባት ሙላው ደግ ገበሬ ነበር። «ልጅቷ የኔ ናት፣ ሌላ ወሬ አልፈልግም» አለ፤ ቃሉንም ጠበቀ። እሷም እሱ በሕይወት እያለ የሌላ ሰው ስም በቤቱ አላነሣችም። ሀና ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት የሆነ ነገር ሰምታ መጥታ ስትጠይቃት «ወላጅ አባትሽ ሞቷል፤ አባትሽ ሙላው ነው» አለቻት፤ ሀናም ሁለተኛ አልጠየቀችም። ከዓመታት በኋላ አንድ ነጋዴ ከአዲስ አበባ ተመልሶ፣ ሰንጋ ተራ ፈረሰ፣ ባንኮች ሊሠሩበት ነው ብሎ ሲያወራ ሰማች። ያን ማታ እራት አልበላ አላት። ሙላው «አመመሽ እንዴ?» ሲላት «ራሴን ነው» አለችው። ቤቱ እስካለ ድረስ መጥቶ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር የሚመልስለት ሰው ነበር። አሁን ጠያቂው ባይሞት እንኳ፣ መጥቶ የሚያንኳኳው በር የለም። ሙላው ካቻምና ሲያርፍ አልቅሳ ቀበረችው፤ ለዚያ ለሌላው ግን መቼ ማልቀስ እንዳለባት እስካሁን አታውቅም።

ሜክሲኮ ስትወርድ ሁሉ ነገር ዞረባት። ዋቢ ሸበሌ ሆቴልን ስታይ ትንሽ ልቧ ተመለሰ፤ እሱ ከድሮ ቦታው ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን አንገት የሚሰብር ነው። መስተዋት የለበሰ ፎቅ በፎቅ ላይ፣ አንዱ ክብ፣ አንዱ እንደ ቢላ የሾለ፣ አንዱ ሰማዩን ራሱን መልሶ የሚያሳይ። የሚሄደው ሰው ሁሉ አንገቱ ላይ ገመድ አለው፤ የአንዱ ባንክ ሐምራዊ፣ የሌላው አረንጓዴ፣ የሌላው ቢጫ። ፈጥነው ይሄዳሉ፣ እየሄዱ ይደውላሉ። መሬቱ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ጭቃ የለም፣ ውሻ የለም፣ በር ላይ የተቀመጠ ሰው የለም። አመለወርቅ ኮሜርስን አገኘችው። ከበሩ ጀምራ፣ ውኃ ስትቀዳ ትሄድበት እንደነበረው፣ ቁልቁል ወረደች። ልብስ ሰፊው እዚህ ጋ ነበር። ሥጋ ቤቱ እዚያ። ከሥጋ ቤቱ ወደ ግራ ስትዞር ግን ግራ የሚባል መንገድ አልነበረም። አበባ የተተከለበት ሰፊ ደጅ፣ ከኋላው ከሁሉም የረዘመ ሕንፃ ቆሟል። በግምቷ ጓሮው አበባው ጋ ነው። ወይም መኪናዎቹ ወደ ምድር ቤት የሚገቡበት ጉድጓድ ጋ። ወዲያና ወዲህ አለች፣ እርግጠኛ መሆን አልቻለችም። ቸሬ ሲያለቅስ አበባው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጡጦውን ሰጠችው።

«እናቴ፣ እዚህ መቀመጥ አይቻልም» አላት የደንብ ልብስ የለበሰ ወጣት ጥበቃ።

«ወተቱን ይጨርስና እነሣለሁ ልጄ። ኧግ፣ አላየሁም፣ አበባውን ነካሁብህ እንዴ?»

ጥበቃው አነጋገሯን ሲሰማ ፊቱ ተፈታ። «ከወዴት ነዎት?»

«ከታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ።»

«እኔ እኮ ጎረቤትዎ፣ የስማዳ ልጅ ነኝ! ይሁኔ እባላለሁ፣ ከወገዳ።» ዙሪያውን አይቶ አለቃው አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ አጠገቧ ቆመ። «ገብሱ እንዴት ነው ይላሉ? ዘንድሮ ውርጭ መታው ሲሉ ሰማሁ።»

«ምኑን አውቄው፤ ስልኩ አይሠራ።»

«የአክስቴ ልጅ ትናንት ገባ። መንገዱ ተከፍቶ ከደብረ ታቦር መኪና እየወጣ ነው አለኝ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይኼን ስትሰማ ብድግ ትል ነበር። የገብሱ ክምር፣ የአርብ ገበያ አቧራ፣ ከድጓ ትምህርት ቤቱ ከቤተ ልሔም መልስ ደጇ ላይ «ስለ እመቤቴ» የሚሉት የቆሎ ተማሪዎች ባንድ ጊዜ መጡባት። ግን አልተነሣችም። «ይኸውልህ ልጄ» አለችው፣ «እዚህ ላይ ድሮ ቤት ነበር። ምሳ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። የሚያውቅ ሰው አይጠፋም?»

«እኔ ስመጣ እንዲሁ ነው ያገኘሁት» አለ ይሁኔ። «ሠራተኞቹም ቢሆኑ ምንም አያውቁም። ግን ከጀርባ፣ የጅምሩ ሕንፃ ቆርቆሮ አጥር ጋ፣ ሻይ የምትሸጥ አልጣሽ የምትባል ሴት አለች። የዚህ ሰፈር ልጅ ነኝ ትላለች። እሷን ይጠይቋት።»

አልጣሽ ሁለት ፔርሙዝና አንድ ሳፋ ፓስቲ ይዛ ቆርቆሮው ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ሦስት አራት የፕላስቲክ በርጩማ አላት፤ ሁለት ሾፌሮች ሻይ እየጠጡ ስለ ነዳጅ ሰልፍ ያማርራሉ። ጠይም፣ ወፈር ያለች፣ አርባዎቹን የተሻገረች ሴት ናት። አመለወርቅ ቸሬን እንዳዘለች ፊቷ ቆመች። እንዴት እንደምትጀምር ጠፋት። በመጨረሻ «የእትዬ የኔነሽን ቤት ታውቂው ነበር?» አለች።

አልጣሽ የምትቀዳውን ሻይ አቆመች። «የኔነሽ እናቴ ናት። እርስዎ ማን ነዎት?»

«እኔ አመለወርቅ ነኝ።»

አልጣሽ ቀና ብላ አየቻት፤ ግንባሯ ላይ ያለውን የመስቀል ንቅሳት አየች፤ ከዚያ አንቀልባው ውስጥ ያለውን ልጅ አየችና እጇን ወደ አፏ አደረገች። «ሀና?» አለች። ወዲያው የተናገረችው ራሷንም አስገርሟት ሳቅና እንባ ተቀላቀለባት። «ውይ፣ ምን ነካኝ! እዚህ ጀርባ ላይ ሌላ ልጅ አይቼ አላውቅም እኮ።»

«የሀና ልጅ ነው» አለች አመለወርቅ። አልጣሽ ያቺ የእትዬ የኔነሽ ልጅ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ወርውራ «ሀናን ልዘላት» እያለች የምታስቸግራት ቀጫጫ ልጅ ናት። ተሳሳሙ፤ ትከሻ ለትከሻ ተጋጭተው ብዙ ቆዩ። ሾፌሮቹ ሒሳባቸውን በርጩማው ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

አልጣሽ እናቷ በተሰጣቸው ኮንዶሚኒየም ብዙም ሳይቆዩ እንደሞቱ ነገረቻት። ሰው የማያልፍበት ቤት አልለመዱም፤ መስኮት ላይ ተቀምጠው ታች የሚሄደውን ሰው በስሙ ለመጥራት ይሞክሩ ነበር። እሷ ራሷ ሌላ ቦታ ሻይ መሸጥ ሞክራለች። አልሆነላትም፤ በሁለት ታክሲ ተሳፍራ እዚህ ትመጣለች፤ ሰው ቢያባርራትም እዚህ ነው የሚቀናት። ይኼን ሁሉ እያወራች ዓይኗን ከአመለወርቅ ላይ አላነሣችም። ድንገት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መጣ እኮ» አለች።

«ማን?»

«ቀለም ነዋ። ቀለመ ወርቅ። አንቺ ከሄድሽ ዓመትም አልሆነው። እግሩን ተመቶ፣ ዘንግ ይዞ እያነከሰ። ተማርኮ ኤርትራ ነበር የቆየው።»

አመለወርቅ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ቆርቆሮው፣ ፔርሙዙ፣ ከላይ ያለው መስተዋት ሁሉ ቦታቸው ላይ ናቸው። አልጣሽ ቀጠለች። እናቷ አስቀምጠው አበሉት፤ አርብ ገበያ መሄዷን ነገሩት። ሊነሣ ሲል ግን ከጋይንት ጤፍ ይዞ የመጣ ሰው ያወራውን ደግሞ ነገሩት፦ አግብታለች፣ ባሏም ልጅቷን እንደ ልጁ ይዟታል። ቀለመ ወርቅ ተመልሶ ተቀመጠ። «ልጅቷን ይወዳታል?» አለ። «ይወዳታል አሉ» አሉት። ከዚያ በየዓመቱ መስቀል ሲሆን ይመጣል። የድሮ ቦታው ተቀምጦ ምሳውን ይበላል፣ ሊሄድ ሲል አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ ሀና ስንተኛ ክፍል ደረሰች? «እናቴ ምኑን ታውቃለች» አለች አልጣሽ። «በየዓመቱ አንድ ክፍል እየጨመረች ትነግረዋለች። አምስተኛ አለፈች፣ ስድስተኛ አለፈች። አሥረኛ ላይ ስትደርስ 'ጎበዝ ናት' ብላ ከራሷ ጨመረች። ያን ቀን ለሁላችንም ለስላሳ ጋበዘን።»

«ለምን አልላኩብኝም?» አለች አመለወርቅ።

«ከላክሁባት ትዳሯን ጥላ ትመጣለች ብላ ነው። አትመጪም ነበር?»

አመለወርቅ አንቀልባውን አጠበቀች። ሙላው ሀናን ትከሻው ላይ አድርጎ ወንዝ ሲሻገር ታያት። ቀለመ ወርቅም ዘንጉን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ብቻውን ሲበላ።  «ከዚያስ?» አለች።

«ቤቱ ሲፈርስ ዕቃችንን መኪና ላይ የጫነልን እሱ ነው። በዚያ እግሩ። ከዚያማ ሁላችንም ተበታተንን፤ የምንገባበት ገና አልታወቀም ነበር፣ እሱም የሚኖርበትን ጠይቀነው አናውቅም። ሁልጊዜ እሱ ነበር የሚመጣው።» አልጣሽ የፓስቲውን ሳፋ በጨርቅ ሸፈነች። «እኔ መስቀል በመጣ ቁጥር እዚህ ሆኜ አያለሁ። ማን ያውቃል።»

አመለወርቅ ተነሥታ ወደ ሕንፃው ደጅ ተመለሰች። ይሁኔ ሲያያት ተጠጋ። «እዚህ ውስጥ የምትሠራ ሀና ሙላው የምትባል አለች» አለችው። «እናትሽ ታች ናት በልልኝ።» ይሁኔ ከሷ ወደ ሕንፃው፣ ከሕንፃው ወደሷ አየ፤ ገብቶ አስደወለላት።

ሀና ከባልደረባዋ ከፍሬሕይወት ጋር እየሮጠች ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ምን ሆነ? አመመው?» ልጁን ከእናቷ ጀርባ ልትነጥቅ ደረሰች። ቸሬ ሳቀላት።

«ደኅና ነው። አንቺን ፈልጌ ነው።»

ፍሬሕይወት በትሕትና እጇን ዘረጋች። «እርስዎ ነዎት ልጁን የሚይዙላት? ሀና ስለርስዎ አውርታ አትጠግብም።»

 ሀና መሬት መሬት እያየች «እናቴ ናት» አለች። ፍሬሕይወት የዘረጋችውን እጅ ወደ አመለወርቅ ጉልበት ልካ ሰላም አለቻት፤ ሁለት ሦስት ቃል ከተናገረች በኋላ፣ ምሳ ልያዝልሽ ብላ በጥድፊያ ተለየቻቸው። እናትና ልጅ ሕንፃውን ዞረው ወደ ቆርቆሮው አጥር ሲሄዱ ሀና ከኋላ ነበረች። «ጠዋት ሰምተሻል» አለች። እናቷ መንገዷን ስትቀጥል ድምፅዋ ከፍ አለ። «አፍሬብሽ አይደለም። ማለቴ… እሱም አለበት፣ አልዋሽሽም። ግን ቅዳሜ ሲመጡ ይጠይቁሻል፤ የት ነው የወለድሻት፣ አባቷ ምንድን ነበሩ ይሉሻል። እኔን ሁልጊዜ ይጠይቁኛል። አንዱን ለአንዱ ሌላውን ለሌላው እያልሁ የትኛውን ለማን እንዳልሁ ጠፍቶብኛል። እኔ እኮ አላውቀውም እማዬ። አንድ ቀን ነግረሽኝ አታውቂም።»

«የወለድሁሽ እዚህ ነው» አለች አመለወርቅ።

«አዲስ አበባ መሆኑንማ አውቃለሁ።»

«አዲስ አበባ አላልሁም። እዚህ። መኪናዎቹ የሚገቡበት ጋ፣ ወይ አበባው ጋ፤ በትክክል አላገኘሁትም።»

ሀና ቆመች። በየቀኑ የምትወጣበትንና የምትገባበትን ደጅ ዞራ አየችው። አመለወርቅ እጇን ይዛ የአልጣሽ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት። ማውራት የጀመረችው አመለወርቅ ራሷ ነበረች፤ ጥቁር ጣቶቹን፣ አፈሳውን፣ ጓሮዋን ተናገረች። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጣሽ ተቀበለቻት። ዘንጉን፣ የመስቀሉን ምሳ፣ ክፍሎቹን በሙሉ ነገረቻት። ሀና ባጇን በጣቷ እያዞረች ትሰማለች። አልጣሽ «አሥረኛ» የሚለው ላይ ስትደርስ ሀና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አመለወርቅ ቸሬን አዝላ ቆማለች፤ ልጇ ስታለቅስ ካየች ብዙ ጊዜ ሆኗታል፤ የሙላው ቀብር ላይ እንኳ ሰው ሳያያት ነበር ያለቀሰችው።

«ሞቷል ብለሽኝ ነበር» አለች ሀና።

«ሞቷል ብዬ ነው።»

«ይኼኔ እኮ በሕይወት ይኖራል። ስንት ዓመቱ ቢሆን ነው? ገና ስድሳውን ቢያልፍ ነው።» እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ስልኳን አወጣች። የባንክ ሠራተኛነቷ ተመለሰባት፤ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «ከተማው ውስጥ ካለ የሆነ ቦታ የባንክ ደብተር ይኖረዋል፣ መታወቂያ ይኖረዋል። ጡረታ ይሆናል። ሰው ዝም ብሎ አይጠፋም። የማውቃቸው ልጆች አሉ፣ እጠይቃለሁ። ስሙ ቀለመ ወርቅ ነው አላችሁኝ። የአባቱስ ስም?»

አልጣሽ ወደ አመለወርቅ አየች። «እኛ ቀለም ነበር የምንለው» አለች። «እናቴም ቀለም ነው የምትለው። የማተሚያ ቤቱ ቀለም።»

አመለወርቅ አፏን ከፈተች። የጣቶቹን ሽታ ታስታውሳለች። እንጀራ ሲቆርስ ትንሿን ጣቱን እንዴት እንደሚያጥፋት ታስታውሳለች። ወሎ ያለች አንዲት እህቱ ጥርሷ ፍንጭት መሆኑን እንኳ ነግሯታል። ፈለገች። ሆዷ ውስጥ፣ ጓሮዋ ውስጥ፣ በዚያች ጠባብ አልጋ ላይ ያወሩትን ሁሉ አገላብጣ ፈለገች። ሀና ጣቷን ስልኩ ላይ አንሥታ ትጠብቃለች።

«እማዬ፣ የአባቱ ስም።»

«አልጠየቅሁትም» አለች አመለወርቅ። ድምፅዋ ያኔ ጓሮ ትኖር የነበረችው የወጣቷ አመለወርቅ ድምፅ ነበር። «ጊዜ ያለን መስሎኝ ነበር።»

ሀና ስልኳን ጭኗ ላይ አሳረፈች።  የምሳ ሰዓት አልቆ ባለ ሐምራዊውም፣ ባለ አረንጓዴውም፣ ባለ ቢጫውም ገመድ ወደየሕንፃው ይጎርፍ ጀመር፤ ፍሬሕይወት ከማዶ ሆና እጇን እያወዛወዘች ጠራቻት። ሀና ከበርጩማው አልተነሣችም።